ቆራሌው ለምን ይመልስብኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰፈራችን የሚመጣው ቆራሌው ሃይላንድና ጀሪካን ስሰጠው ደስ ብሎት ይወስዳል። የእርጎ ኩባያ፣ ፌስታልና ቲቪ የታሸገበትን ፎም ግን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ ይመልስልኛል። ኩባያውም ፎሙም እኮ የሦስት ማዕዘን ምልክት አላቸው! ምን ላድርጋቸው? እናቴ "ለከሰል ማያያዣ ይሁን" ትላለች።
(ከጀሞ ኮንዶሚኒየም)

መልስ፦ እግዜር ይመስገን ልጄ። ቆራሌው ልክ ነው። ምልክቱ "እንደገና ይሠራል" ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ፕላስቲክ አምራቾች ማኅበር ያወጣው የዓይነት ቁጥር ነው። መሃሉ ላይ ያለው ቁጥር ዕቃው ከምን እንደተሠራ ይናገራል፣ በቃ። ገዢ መኖሩን የሚያውቀው ቆራሌው ነው።

እኔ ፕላስቲክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ስረከብ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ጣጣው መቀላቀል ነበር። ሃይላንዱ 1 ቁጥር፣ ፔት ነው። ክዳኑ ግን ሌላ ዘር ነው። ካላመንሽ ከሁለቱም በመቀስ ቁራጭ ቁረጪና ውሃ ውስጥ ጣዪ። አየር ይዞ እንዳያታልልሽ በጣትሽ ድፈቂው። የሃይላንዱ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ተመልሶ ብቅ ይላል። ፋብሪካም ፈጭቶ በገንዳ ውሃ የሚለየው እንዲሁ ነው። አስቸጋሪው 3 ቁጥር ነው፤ ፒቪሲ፣ የኮንጎ ጫማ ዘር። እሱ ከፔት ጋር አብሮ ይሰምጣል። ፔት የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ በላይ ነው፤ ፒቪሲ ግን እዚያ ሳይደርስ አርሮ ይጠቁራል። በአንድ ኮንጎ ምክንያት ስንት ጆንያ እንደመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጀሪካን 2 ቁጥር ነው። ካልተቀደደ ማንም አያቀልጠውም፤ ምናለሽ ተራ ታጥቦ ለውሃ መያዣ ይሸጣል። የዘይት ከሆነ በሞቀ ውሃና በኦሞ አጥበሽ ስጪው። ሃይላንድ ላይ ግን የፈላ ውሃ እንዳታፈሺ፣ ይኮማተራል።

ፎሙ አብዛኛው አየር ነው። ሰውየው ጀርባው እስኪጎብጥ ቢሸከም ሚዛን ላይ ምንም የለም። ቤት እስክትቀይሩ አልጋ ሥር ይቀመጥ፣ ቲቪው ያኔ ይፈልገዋል። ፌስታል ደግሞ ቀጭን ነው፣ ቆሻሻም ይይዛል። አጥቦ ማድረቁ ከዋጋው ይበልጣል፤ ስለዚህ ገበያ ስትሄጂ ዘንቢል ያዢ።

የእርጎ ኩባያውን ጨመቅ አድርጊው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ እንደ ፎሙ 6 ቁጥር ነው፣ ተዪው። ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ነጣ ካለ 5 ቁጥር ነው። ማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራውም ከዚሁ ነው፤ ስለዚህ ገዢ አያጣም። ችግሩ የአንድ ቤት ኩባያ ኪሎ አይሞላም። ከብሎካችሁ ሰዎች ጋር ተስማሙና እያጠባችሁ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አጠራቅሙ። ከዚያ በኋላ ቆራሌውን ጥሪውና በዋጋ ተከራከሪ።

ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። ከሰሉን ግን በፕላስቲክ አታያይዙ። ፒቪሲ ሲቃጠል ሳንባ የሚለበልብ የአሲድ ጋዝና ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ የፎም ጭስም ጤና ይጎዳል። ቡናው ሳይፈላ መርዙን ጠጣችሁት ማለት ነው። ጭራሮ ወይም የሻማ ጉርድ ይበቃል።