«ሐሞትሽ በዝቷል» ለተባለችው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የራሴን ጭንቅ አስታወሰኝ። ጠዋት በባዶ ሆድሽ ቢጫ፣ መራራ ነገር ያስመልስሻል። ሆድሽም አልያዝ ብሏል። አንድ ሰው «ፖሊኮሊያ ነው» ብሎሽ ደንግጠሻል።

ቃሉ የግሪክ ነው። «ፖሊ» ብዙ፣ «ኮሌ» ሐሞት ማለት ነው። ጉበት ከልክ በላይ ሐሞት ሲያመነጭ እንዲህ ይባላል። የዛሬ ሐኪሞች ግን ብዙም አይጠቀሙበትም። በሽታ ሁሉ ከሰውነት ፈሳሾች መዛባት ይመጣል ተብሎ ይታመን በነበረበት ዘመን ሐሞት ብዙ ነገር ይለጠፍበት ነበር። «ሜላንኮሊያ» ራሱ ጥቁር ሐሞት ማለት ነው።

ቢጫ ማስመለስ ብቻውን ሐሞት በዝቷል አያሰኝም። ሆድ ባዶ ሲሆን የሚወጣ ሌላ ነገር ስለሌለ ከአንጀት ወደ ላይ የተመለሰው ሐሞት ይታያል። ጤነኛ ጉበት እኮ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ፣ እስከ 1 ሊትር ድረስ ያመነጫል።

አሁን ወደ ሆድሽ ልምጣ። የእኔም ጣጣ እዚያ ነበር። ሐሞት ከረጢቴ በጠጠር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ በኋላ በልቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሽንት ቤት መሮጥ ሆነ ሥራዬ። የሚወጣው ቢጫ ውሃ ነው፤ ሲወጣ ያቃጥላል። አዲስ ቦታ ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው የሽንት ቤቱን በር ነበር። 2 ዓመት ሙሉ «አንጀትህ ተቆጥቶ ነው፣ አትጨነቅ» ተባልኩ።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም «ሌሊት ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ወረቀት አውጥታ ጉበትና አንጀት ሳለችልኝ። ሐሞት ውስጥ ያለው አሲድ ስብ ካስፈጨ በኋላ 95 በመቶ ያህሉ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል። ሳይመለስ የቀረው ብዙ ከሆነ ትልቁ አንጀት ውስጥ ገብቶ ውሃ ያስመነጫል። ተቅማጡ ያ ነው። ሐሞት ከረጢታቸው ያልወጣ ሰዎችንም ይይዛል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ አንጀት ለጉበት «ይበቃል» ብሎ የሚልከው ሆርሞን ያንሳል፤ ጉበትም ማምረቱን ይቀጥላል። ለዚያ ለጥንቱ ቃል ዛሬ በጣም የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል።

ኮሌስቲራሚን የሚባል ዱቄት ታዘዘልኝ። ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ አይሟሟም፤ ጥርስ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ግን የሐሞቱን አሲድ አንጀት ውስጥ ጠፍሮ ይይዘዋል። በሦስተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ጠዋት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንድ ነገር አደራ። ይህ ዱቄት ሌላ መድኃኒትንም እንደ ሐሞቱ አሲድ አንጀት ውስጥ ጠፍሮ ይይዛል። እኔ ሳላውቅ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ኪኒኔን አብሬ ስውጥ ከርሜ ሆርሞኔ ወርዶ ተገኘ። ሌላውን መድኃኒት ዱቄቱ ከመወሰዱ ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት፣ ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ነው መውሰድ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን እንዳትጀምሪው።

ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ሰገራሽ ከነጣ ወይም ደም ካለው፣ ወይም ከቀኝ ጎድንሽ ሥር እያመመሽ ካተኮሰሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሂጂ። ማስመለሱ ካላቋረጠም እንዲሁ።

ከሌለ ደግሞ ለአንድ ሳምንት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስወጣሽ፣ ምን በልተሽ እንደሆነና ሌሊት መነሳትሽን ጻፊ። ወረቀቱን ይዘሽ ግቢና «የሐሞት አሲድ ተቅማጥ ይሆን?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። እኔን 2 ዓመት ያስጠበቀኝ ይህን ጥያቄ አለማወቄ ነው። ያሉሽን እዚሁ ንገሪን።