ሊጉ ሳይጀመር ኮከቡ ሲጎዳ፦ የአይስ ሆኪ ጥያቄና መልስ

በሰሜን አሜሪካው የአይስ ሆኪ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ መስከረም የተስፋ ወር ነው። 32 ቡድን አለ፣ ሁሉም ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው ይላል። ከዚያ በልምምድ ላይ አንዱ ጉልበቱን ይዞ በረዶው ላይ ይዘረጋል፤ የክለቡ ሥራ አስኪያጅም ስልኩን ማንሳት ይጀምራል። ስለዚህ ጉዳይ የደረሱኝን ጥያቄዎች ዛሬ ልመልስ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ነጥብ በሌለው ጨዋታ ሰው እንዴት እንዲህ ይጎዳል? ቀስ ብለው አይጫወቱም እንዴ?

ኮከቦቹ ቀስ ብለው ይጫወታሉ። ችግሩ ተጋጣሚው ነው። በዝግጅት ጨዋታ ላይ ከኮከቡ ፊት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ቦታ ለማግኘት የሚታገል ልጅ ነው። ለሱ ያ ቀን የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ ነው። አንዱ በግማሽ ልቡ፣ ሌላው በሙሉ ጉልበቱ ሲጋጩ ማን እንደሚጎዳ መገመት አያቅትም።

የፓትሪክ ላይኔን ነገር አስታውሱ። ሞንትሪያል በነሐሴ 2024 ከኮሎምበስ አመጣው። ግብ የሚያገባ ሰው ተገኘ ተብሎ ከተማው ሁሉ ፈነጠዘ። መስከረም 28 ከቶሮንቶ ጋር በተደረገ የዝግጅት ጨዋታ ላይ ግን ጉልበቱ ተጎዳ። አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ራቀ። ከተመለሰ በኋላ በ52 ጨዋታ 20 ግብ አገባ። «እነዚያ ሁለት ወራት ባይቃጠሉ ኖሮ» እያሉ የሚቆጩ ደጋፊዎች ዛሬም አሉ።

ታዲያ ኮከቦችን ጨርሶ ለምን አያሳርፏቸውም? ደንቡ አይፈቅድማ። በእያንዳንዱ የዝግጅት ጨዋታ ቢያንስ 8 ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች መሰለፍ አለባቸው። ትኬት የገዛው ሰው የማያውቃቸውን ልጆች ብቻ አይቶ እንዳይመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሎሪዳ ፓንተርስ በ2025 ባርኮቭን ሲያጣ ሁሉም ለምን ያን ያህል ተንጫጫ? አንድ ሰው አይደል የጎደለው?

በወረቀት ላይ አዎ፣ አንድ ሰው ነው።

አሌክሳንደር ባርኮቭ የፓንተርስ አምበል ነው። ቡድኑ በ2024 እና በ2025 የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ በተከታታይ ያነሳው በሱ መሪነት ነው። መስከረም 25፣ 2025 የዝግጅቱ የመጀመሪያ የበረዶ ላይ ልምምድ ነበር። እዚያው ሁለት የጉልበት ጅማቶቹ ተበጠሱ። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ከ7 እስከ 9 ወር ይርቃል ተባለ። የሊጉ መደበኛ ውድድር የሚፈጀው 6 ወር ያህል ነው፤ ስሌቱን እናንተ ሥሩት።

አሁን ወደ ጥያቄው። መስመር ማለት አብረው ወደ በረዶው የሚገቡ ሦስት አጥቂዎች ናቸው፤ አንድ ቡድን አራት መስመር አለው፣ ምርጡ የመጀመሪያው ነው። ባርኮቭ የመጀመሪያው መስመር መሐል አጥቂ ነው። ከባላጋራ ምርጥ አጥቂዎች ጋር የሚፋጠጠው እሱ ነው። ፌስኦፍ ላይ፣ ዳኛው ዲስኩን በሁለት ተጫዋቾች መሐል ጥሎ ጨዋታ ሲያስጀምር፣ የሚቆመው እሱ ነው። ሰው በቅጣት ወጥቶ ቡድኑ በቁጥር ሲበልጥም፣ ሲያንስም በረዶው ላይ እሱ አለ። እሱ ሲወጣ የሁለተኛው መስመር መሐል አጥቂ ወደ አንደኛ ይወጣል፣ ሦስተኛው ወደ ሁለተኛ፣ አራተኛው ወደ ሦስተኛ። ከታች ደግሞ ከታችኛው ሊግ ወይም ያለ ውል ከተቀመጡት አንድ ሰው ይመጣል። ስለዚህ የተለወጠው አንድ ወንበር አይደለም። አራት ሰው ከአቅሙ አንድ ደረጃ የከበደ ሥራ ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛ መስመር ላይ አንበሳ የነበረው ሰው፣ ሁለተኛው ላይ ከባላጋራ የተሻለ ተከላካይ ሲመደብበት ተራ ተጫዋች ይሆናል።

በዚያ ላይ ሌላው የቡድኑ ኮከብ አጥቂ ማቲው ትካቸክ በነሐሴ ቀዶ ሕክምና አድርጎ የሊጉን መጀመሪያ እንደማይደርስ ቀድሞ ታውቆ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። የባርኮቭን ሎሚ የሚካፈሉት ሰዎች ግን የትካቸክንም ተሸክመው ነበር።

ጥያቄ፦ የደመወዝ ጣሪያ አለ ይባላል። የተጎዳው ሰው ደመወዝ ከጣሪያው አይወጣም?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ የነገሩ ቅመም ያለው እዚህ ነው።

በ2025-26 አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ማውጣት የሚችለው እስከ 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የተጎዳ ሰው ቢያንስ 7 ቀን የሚርቅ ከሆነ ተራው የጉዳት መዝገብ ውስጥ ይገባል። ይህ ከ23ቱ ቦታ አንዱን ያስለቅቃል እንጂ ገንዘብ አያስለቅቅም። ቢያንስ 10 ጨዋታና 24 ቀን የሚርቅ ከሆነ ግን ሌላ መዝገብ አለ፤ የረዥም ጊዜ ጉዳት የሚባለው። እዚያ የገባ ሰው ላለበት ቡድን ከጣሪያው በላይ ምትክ እንዲያመጣ ይፈቀድለታል።

ብልጦቹ ነገሩን ቶሎ አገኙት። ታምፓ ቤይ በ2020 መጨረሻ ኮከብ አጥቂው ኒኪታ ኩቼሮቭ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ 9.5 ሚሊዮን ዶላሩን በዚህ መዝገብ አስገባ። ኩቼሮቭ 56 ጨዋታ የነበረውን ያንን አጭር ሊግ በሙሉ አልተጫወተም። ያኔ ጥሎ ማለፉ ላይ የደመወዝ ጣሪያ አይሠራም ነበር። ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ሰውየው ድኖ ብቅ አለ፣ በ23 ጨዋታ 32 ነጥብ (ያገባው ግብና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ) ሰበሰበ፣ ዋንጫውንም አነሱ። በድሉ በዓል ላይ «ከጣሪያው 18 ሚሊዮን በላይ» የሚል ቲሸርት ለብሶ ታየ። የተሸነፉት ቡድኖች ምን እንደተሰማቸው አስቡት! ደንብ አልተጣሰም፤ እኔን ግን ያን ጊዜም ቅር ብሎኝ ነበር፣ ዛሬም ቅር ይለኛል።

ከ2025-26 ጀምሮ ይህ በር ጠበበ። በጥሎ ማለፉ የሚሰለፉት 20 ሰዎች ደመወዝ ጣሪያው ውስጥ መግባት አለበት። የተጎዳው ሰው በዚያው የውድድር ዘመን ይመለሳል ከተባለ ደግሞ ቡድኑ ለምትክ የሚያገኘው ገንዘብ በሊጉ አማካይ ደመወዝ፣ ወደ 3.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይወሰናል። ሙሉውን የሚያገኘው ተጫዋቹ ጥሎ ማለፉንም ጨምሮ ዓመቱን በሙሉ አይመለስም ካለ ብቻ ነው። እንግዲህ የ10 ሚሊዮን ዶላር ሰው በመስከረም የተጎዳበትን ሥራ አስኪያጅ አስቡት። «አይመለስም» ካለ ገንዘብ አለው፣ አምበሉን ግን ለግንቦት አያገኘውም። «ይመለሳል» ካለ ተስፋ አለው፣ በእጁ ያለው ገንዘብ ግን የአንድ መካከለኛ ተጫዋች ዋጋ ነው።

ጥያቄ፦ «የታችኛው የሰውነት ክፍል ጉዳት» ብሎ መግለጫ ምንድን ነው? እግር ነው ጉልበት ነው አይሉም?

አይሉም። የሚታመመው ቦታ ከታወቀ ባላጋራ እዚያው ላይ ይመጣበታል ብለው ይፈራሉ። የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው «የላይኛው» ወይም «የታችኛው» ብቻ ይሏችኋል። ከወገብ በላይና በታች መሆኑን ካወቅን እንግዲህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ትካቸክ ሰኔ ላይ ዋንጫ አንስቶ ለምን እስከ ነሐሴ ጠበቀ? ቶሎ ቢታከም ለሊጉ ይደርስ ነበር።

ከውጭ ሲታይ ልክ ነህ፤ እኔም ያኔ እንዳንተው ብዬ ነበር። ነገር ግን የብሽሽት ጡንቻ ጉዳት አንዳንዴ በእረፍትና በሕክምና እንቅስቃሴ ይሻሻላል። ሐኪሞች ቢላዋ የሚያነሡት ሌላው ሁሉ ሲያቅት ነው። ክፍተቱ ግን አጭር ነው። ዋንጫ የወሰደ ቡድን እስከ ሰኔ አጋማሽ ይጫወታል፣ ልምምድ የሚጀመረው በመስከረም አጋማሽ ነው። መሐል ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። ስድስት ሳምንት «እስኪ እንየው» ካልክ ሊጉ ደጅህ ደርሷል።

መጠበቁ የሠራላቸውም አሉ። የኤድመንተኑ ኮከብ ኮነር ማክዴቪድ ሚያዝያ 2019 በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ከግብ ብረት ጋር ተጋጭቶ የኋለኛው መስቀለኛ የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምናውን ትቶ ክረምቱን በሙሉ ከባድ የማገገሚያ ሥራ ሠራ። ጥቅምት ላይ ለመጀመሪያው ጨዋታ ደረሰ። ውሳኔው አስፈሪ ነበር፤ ባይሳካ ኖሮ ዛሬ ስለ ጅልነቱ እናወራ ነበር።

ጥያቄ፦ ግብ ጠባቂ ሲጎዳስ?

ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። አጥቂ ሲጎድል ሥራው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል ብያለሁ። የግብ ጠባቂ ሥራ አይከፋፈልም፤ መረቡ ፊት የሚቆመው አንድ ሰው ነው። ምትኩ መጥፎ ከሆነ ቡድኑ በሙሉ ይፈራል፣ ተከላካዮች ወደ ኋላ ይጎተታሉ፣ ማጥቃቱም ይደርቃል።

ቫንኩቨር በ2024 ይህን ገጠመው። ግብ ጠባቂው ቴቸር ዴምኮ በሚያዝያ ጥሎ ማለፍ ላይ ጉልበቱ ተጎድቶ በመስከረምም አልዳነም። ክለቡ ገበያውን ሲያይ ሌላ ግብ ጠባቂ፣ ኬቨን ላንኪነን፣ ያለ ውል ተቀምጧል። በ875,000 ዶላር ለአንድ ዓመት አስፈረሙት። ብዙዎቻችን «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብለን ነበር፣ አፍረናል። ሰውየው ዴምኮ በታኅሣሥ እስኪመለስ ቡድኑን ተሸከመ፤ በየካቲት ደግሞ የ5 ዓመት ውል በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ለአንዱ የተበላሸ ጉልበት ለሌላው እንጀራ ሆነ።

ጊዜውንም አትርሱ። ዴምኮ እንደማይደርስ ሲታወቅ ገበያው ላይ ገና ሰው ነበር። የታምፓ ቤዩ ግብ ጠባቂ አንድሬ ቫሲሌቭስኪ ግን በ2023 የወገብ ዲስክ ቀዶ ሕክምና ያደረገው በመስከረም መጨረሻ ነው። ያኔ ጥሩ ጥሩ ግብ ጠባቂ ሁሉ ቡድን ይዟል። ታምፓ ቤይ ሁለት ወር ገደማ ከነበረው ምትክ ጋር መግፋት ነበረበት።

ጥያቄ፦ ቡድኔ ያለ ሁለት ኮከብ ሊጀምር ነው። አለቀልን በለኝና ልተኛ።

ተኛ፣ ግን አላለቀም። ቦስተን 2022-23ን ሲጀምር አጥቂው ብራድ ማርቻንድ ሁለቱንም ዳሌዎቹን፣ ተከላካዩ ቻርሊ ማክአቮይ ትከሻውን ታክመው ውጭ ነበሩ። «ቦስተን ዘንድሮ አበቃለት» የሚል ጽሑፍ ስንት አነበብን! ያ ቡድን 65 ጨዋታ አሸንፎ 135 ነጥብ በመሰብሰብ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ደግሞም ማርቻንድ በጥቅምት መጨረሻ፣ ማክአቮይ በኅዳር ሲመለሱ ትኩስ ነበሩ። (በጥሎ ማለፉ በመጀመሪያው ዙር በፍሎሪዳ መሰናበታቸው የእነዚያ ሁለት ጉዳቶች ጣጣ አይደለም፤ እሱን ሌላ ቀን እናልቅሰው።)

ግን ከቦስተን ጋር ራስህን ስታወዳድር አንድ ነገር እይ። የማርቻንድም የማክአቮይም ጉዳት በግንቦትና በሰኔ ታውቋል። አሰልጣኙ ከመጀመሪያው ቀን ያለ እነሱ ነው ያዘጋጀው። የናንተ ሁለቱ መቼ ነው የተጎዱት?

ጥያቄ፦ የተጎዳው ሰው ደመወዝ ይቆረጥበታል?

በክለቡ ልምምድ ወይም ጨዋታ ላይ ከተጎዳ አይቆረጥበትም። በጉዳቱ ላይ እያለም አያሰናብቱትም።

ጥያቄ፦ ለሥራ አስኪያጅ የትኛው ጉዳት ነው የሚከፋው?

ብዙ ሰው «ዓመቱን በሙሉ የሚያስቀረው» ይላል። እኔ አልስማማም። ዓመቱን በሙሉ የሚያስቀር ጉዳት ያማል፣ ግን መልስ አለው። ገንዘቡ ይታወቃል፣ ምትክ ይፈለጋል፣ አሰላለፉ አንዴ ይሠራል። የሚገድለው «ከ4 እስከ 10 ሳምንት» የሚባለው ነው። ምትክ ብትገዛ በኅዳር ትርፍ ሰው ትይዛለህ። ባትገዛ ጥቅምትን ታጣለህ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ «ትንሽ ይቀረዋል» የሚል ወሬ ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የዚህ ሁሉ ጥጉ የኮሎራዶው አምበል ገብርኤል ላንደስኮግ ነው። በ2022 ዋንጫ ካነሳ በኋላ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። የመጀመሪያው መስከረም መጣ፣ አልደረሰም። የ2023ቱም እንዲሁ፣ የ2024ቱም እንዲሁ። ሦስት ሙሉ መደበኛ ውድድር አለፈው። በመጨረሻ የተመለሰው በሚያዝያ 2025፣ በጥሎ ማለፉ መሐል ነው። አዳራሹ ሲጮህለት ያላለቀሰ ካለ እጁን ያውጣ። ክለቡ ግን በእነዚያ ሦስት መስከረሞች ሁሉ አንድ ወንበር ባዶ አድርጎ ነው ሲያቅድ የኖረው።

ጥያቄ፦ ከ2026-27 ጀምሮ የዝግጅት ጨዋታዎች ወደ 4 ይቀንሳሉ። ጉዳት ይቀንሳል ትላለህ?

የላይኔ ዓይነቱ ይቀንሳል ብዬ እገምታለሁ፤ ግጭት የሚፈጠርባቸው ምሽቶች ያንሳሉና። ሊጉ ግን በምትኩ ከ82 ወደ 84 ጨዋታ ያድጋል። ልጆቹም ራሳቸውን የሚያሳዩበት ዕድል ስለሚያንስ ባሉት አራት ጨዋታዎች ላይ የበለጠ ይጋፋሉ። ባርኮቭ ደግሞ የተጎዳው በጨዋታ አልነበረም፤ በልምምድ ነው።