«በደንብ አየር ሳብ» ሲሉኝ ለምን ይብስብኛል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ እሠራለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አየር የሚያንሰኝ ይመስለኛል። ደጋግሜ አዛጋለሁ፣ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ሥራ ሲበዛብኝ ጣቶቼንና ከንፈሬን ይነዝረኛል፣ ያዞረኛል። ልቤም ሳንባዬም ታይቶ፣ ደሜም ተመርምሮ ምንም የለም ተብያለሁ። ሰው ሁሉ «በደንብ ሳብ» ይለኛል፤ ስስብ ግን ይብስብኛል።

መልስ፦ ሌላ በሽታ ካልተገኘብዎት፣ የገለጿቸው ምልክቶች ከልክ በላይ ከመተንፈስ ጋር በጣም ይገጥማሉ። ችግሩ አየር ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። የጤነኛ ሰው ደም በተለመደው አተነፋፈስም በኦክስጅን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ አብዝቶ መሳብ እምብዛም አይጨምርለትም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን አሟጦ ያስወጣል። ይህ ጋዝ የደምን የአሲድ ሚዛን ስለሚጠብቅ ያስፈልገናል። ሲያንስ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ማዞሩ ከዚያ ይመጣል። በደም ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየምም ስለሚቀንስ ነርቮች ይቆጣሉ፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። ምልክቱ ያስፈራል፤ ፍርሃቱ ደግሞ ትንፋሽን መልሶ ያፈጥናል። ስለዚህ «በአእምሮህ ነው» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ ሰውነት ውስጥ በትክክል የሚከናወን ነገር ነው።

ትንፋሽን የሚያረጋጋው ልምምድ እንዲህ ነው። ቀበቶዎን አላልተው ወንበር ላይ ደገፍ ይበሉ። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ ሌላውን ከእምብርት በላይ ያድርጉ። አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ለ4 ሰከንድ ይሳቡ፤ ከፍ የሚለው የታችኛው እጅ ይሁን። ከዚያ ለ6 ሰከንድ በዝግታ ያስወጡ። ማስወጣቱ የሚረዝመው በዚያን ጊዜ የልብ ምት ስለሚረጋ ነው። ጠዋትና ማታ 5፣ 5 ደቂቃ ይበቃል። 4 እና 6 ካስጨነቀዎት በ3 እና 4 ይጀምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን መጠኑ ላይ ነው። ፍጥነቱን ሲቀንስ እያንዳንዱን ትንፋሽ ያገዝፈዋል፤ ያኔ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያው ይሆናል። ትንፋሽዎ አጠገብዎ ለተቀመጠ ሰው እንዳይሰማ አድርገው ያሳንሱት። መጀመሪያ ላይ ትንሽ የአየር ረሃብ ቢሰማዎት አይደንግጡ፤ ካዞረዎት ግን አብዝተው ስበዋል ማለት ነው። በረጅሙ ልተንፍስ የሚል ግፊት ሲመጣ ምራቅዎን ዋጥ አድርገው ቀስ ብለው በአፍንጫ ይቀጥሉ። በየቀኑ ከሠሩት ለውጡ የሚታየው በሳምንታት ውስጥ ነው።

የወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስን አይሞክሩ፤ ሕመሙ አስም ወይም የልብ ከሆነ ኦክስጅን አሳጥቶ ለአደጋ ይዳርጋል። የደረት ሕመም፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ፣ ደረጃ ሲወጡ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ራስን መሳት ካለ ልምምዱን ትተው ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ድንገተኛ ፍርሃት እየደጋገመ ከመጣብዎት ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ለእሱ ትንፋሽ ብቻውን አይበቃም።