መልቀቂያውን በባዶ እጅ አትለኪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ አነበብኩት፤ ሳልመልስልሽ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። 45 ፓውንድ የሚሳብ ኮምፓውንድ ቀስት (በጫፎቹ መዘውር ያለው) እንደገዛሽ፣ አብሮት የመጣው በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር መልቀቂያ (በጣት ፈንታ ገመዱን ይዞ የሚለቀው ዕቃ) ከ20 ፍላጻ በኋላ ጣቶችሽን እንደሚያደነዝዝ፣ እስከ 150 ዶላር ለማውጣት እንደተዘጋጀሽ ጽፈሻል። «የሚመቸው የትኛው ነው?» ነው ጥያቄሽ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሦስት ሰዎች የፋብሪካ ስም ጠርተው ሄደዋል። ካርተርም፣ ስታንም፣ ስኮትም ጥሩ ዕቃ ይሠራሉ፤ ያንቺ ችግር ግን የፋብሪካ ስም አይደለም። የእኔም አልነበረም። ይህን እስካውቅ ድረስ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ የወጣውን ገንዘብ ደግሞ ደምሬው አላውቅም፤ መደመሩን ራሱ እፈራዋለሁ።

በእኛ ቤት ዕቃው መልቀቂያ ከማለት ሌላ ስም የለውም። የመጀመሪያውን የገዛሁ ቀን ለባለቤቴ ደውዬ «መልቀቂያ ወሰድኩ» ስላት ሥራ የለቀቅሁ መስሏት ስልኩን ዘጋችብኝ። ማታ ዋጋውን ስትሰማ ሥራውን ብለቅ ይሻል እንደነበር ነገረችኝ።

አንደኛ፤ መጠን። እጅሽ እንደ እኔ ትንሽ ነው ብዬ ልነሣ፤ ጣቶችሽም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውለው ነው ወደ ልምምድ የምትሄጂው። እኔ ከዴንቨር ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የአደን ዕቃ መደብር የሄድኩት ልክ አንቺ እንዳለሽው ጣቴ ደንዝዞ ነበር። ሻጩ እጄን ሳያይ ከመስታወቱ ሥር አንዱን አወጣ፤ ከናስ የተሠራ፣ ባለ አራት ጣት፣ በአውራ ጣት የሚጫን፣ ትልቅ የሚባለው መጠን። መካከለኛ እንዳለው ብጠይቀው «ወንዶች ትልቁን ነው የሚወስዱት» አለኝ። እዚያ ላይ ተሸነፍኩ። ጨበጥኩት፤ እንደ ጥሩ ከዘራ እጄን ሞላው። ከባድና ቀዝቃዛ ነበር፤ ደስ አለኝ። 189 ዶላር ከፈልኩ።

ስሕተቱ ያ ጭበጣ ነው። በባዶ እጅ ሲጨብጡት የማይመች መልቀቂያ የለም። ቀስትሽ መዘውሮቹ ከዞሩ በኋላ 80 በመቶውን የሚያቀልልሽ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ስበሽ ስትቆሚ እጅሽ ላይ የሚቀረው 9 ፓውንድ ገደማ ነው፤ እዚያ እስክትደርሺ ግን 45ቱም በእጅሽ ያልፋል። የእኔ ቀስት 60 ነው። ያ ክብደት ሲመጣ የጣት ጎድጓዶቹ ለእኔ ሰፊ መሆናቸው ታወቀ፤ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ዳር ላይ ተንጠለጠሉ፤ ሸክሙ ሁሉ በሁለት ጣት ላይ ወደቀ። አውራ ጣቴም ወደ መጫኛዋ የሚደርሰው በጫፉ ብቻ ነበር። በጫፍ የሚነካ ሰው ደግሞ አይጫንም፤ ይመታል። ስትመቺው ቀስቱ ይናወጣል፤ ፍላጻውም አብሮት።

በማግስቱ ልመልሰው ሄድኩ። «ሳጥኑ ተከፍቷል፤ የተከፈተ አንመልስም» ተባልኩ። ሳጥኑን እኮ ፊት ለፊቴ የከፈተው ራሱ ነው! ደረሰኙን አሳየሁት፤ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው «ቀጥሎ» ብሎ ጠራ። አዲስ አበባ ለአንድ ማኅተም ሦስት ቀን ቆሜ አውቃለሁ፤ እዚያ ቢያንስ «ነገ ና» ይላሉ።

ስለዚህ ሳትገዢ በፊት መደብሩ ውስጥ ቀስት ላይ አስገብተሽ ሳቢው። አይሆንም ካሉሽ ውጪ። ሦስት ጣት ይሁን አራት የሚለውም የሚወሰነው እዚያው ነው፤ ስትስቢ አራተኛዋ ጣትሽ ሥራ ከሌላት ሦስት ይበቃሻል። በአውራ ጣት ከሚጫኑት ውስጥ መጫኛዋ በአውራ ጣትሽ ሥር፣ ወደ መጋጠሚያው ጠጋ ብላ የምታርፍልሽን ምረጪ፤ አብዛኞቹ ላይ መጫኛዋ በትንሽ ብሎን ወዲያና ወዲህ ትዞራለች።

ብሎን ካነሣሁ ሁለተኛውን ከመናገሬ በፊት አምፖሏን ልንገርሽ። ከንፈሬ ያበጠበት ቀን ነው። መጫኛዋን መንካት ሲከብደኝ «ቀለል ትበል» ብዬ የውጥረቷን ብሎን አላላሁ፤ ቤት ውስጥ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። የቀስት መለማመጃ አዳራሹ ውስጥ ቀስቱን ወደ ላይ አንጋጥጬ ስስብ (ይህም ሌላ ጥፋት ነው፤ ቀስት በዒላማው ከፍታ ነው የሚሳበው) አውራ ጣቴ መጫኛዋ ላይ ነበር። መንገድ ላይ ለቀቀ። ጡጫዬ በገዛ አፌ ላይ አረፈ፤ ፍላጻው የጣሪያ አምፖል ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የአምፖሉን 120 ዶላር ከፈልኩ፤ ሦስት ቀን ሻይዬን አቀዝቅዤ ጠጣሁ፤ ለሁለት ወር የአዳራሹ ሰዎች ስገባ ወደ ጣሪያ ያያሉ። እየሳብሽ ሳለ አውራ ጣትሽ ከመጫኛዋ ኋላ ወይም ርቃ ትሁን። በአንጓ ለሚታሰረውም ያው ነው፤ ሌባ ጣትሽ ከቃታው ኋላ ትቆይ፤ እጅሽ መንጋጋሽ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ወደ ፊት ትምጣ።

ሁለተኛ፣ ከሁሉም የከፋው። መልቀቂያ ስትቀይሪ የሚያስፈልግሽ የመሳቢያ ርዝመት (ገመዱ ወደ ኋላ ተስቦ የሚቆምበት ርቀት) አብሮ ይቀየራል። ይህን የነገረኝ አልነበረም። የድሮው በአንጓዬ ላይ የሚታሰረው ዘንጉ ረጅም ስለነበር እጄ ከጆሮዬ ሥር ይደርስ ነበር። አዲሱ አጭር ነው። ቀስቱ ገመዱን የሚያቆመው እዚያው በፊቱ ቦታ ነው፤ ስለዚህ እጄ አገጬ አካባቢ ቀረ፤ ክርኔ ከፍላጻው መስመር ወጣ፤ በገመዱ መካከል ያለችው ማያ ቀዳዳ ዓይኔ ፊት አልመጣ አለች። እኔ ደግሞ ጭንቅላቴን ወደ ፊት ሰደድኩላት። ፍላጻዎቼ ተበተኑ። ቀስቱ ታሟል አልኩ፤ ማነጣጠሪያ ቀየርኩ። አልዳነም። ገመድ አስቀየርኩ። አልዳነም። ትከሻዬ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። በኋላ የዒላማ ድንጋጤ መጣብኝ፤ የማነጣጠሪያዋ ነጥብ የዒላማው መሐል ቢጫው ላይ ስትደርስ አውራ ጣቴ ሳላዝዘው ይመታል። ይህ በሽታ የያዘው ሰው ያውቀዋል፤ ያልያዘው ይስቃል።

ያዳነኝ በአዳራሹ ጥግ ሁልጊዜ ብቻውን የሚወረውር አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ነው። ከጎን በስልኩ ቀርጾ አሳየኝ፤ ክርኔን በጣቱ ነካ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። ከዚያ በአሌን ቁልፍ በመዘውሩ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ፈትቶ ርዝመቱን በግማሽ ኢንች ጨመረልኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የባከነብኝን ስምንት ወር አስቢው። አንቺም አዲሱን ከገዛሽ በመጀመሪያው ቀን ሰው ከጎን ይቅረጽሽ። ርዝመቱን በራስሽ ለመቀየር አትሞክሪ፤ አንዳንዱ ቀስት መጀመሪያ በመጭመቂያ መላላት አለበት። ያለ ፍላጻም ገመዱን በፍጹም አትልቀቂ፤ የቀስቱ ክንፎች ሊሰነጠቁ ይችላሉ።

ሦስተኛውን መጀመሪያ ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ ገንዘብ አያስወጣምና። ያለሽን መልቀቂያ በትክክል አስረሽው ይሆን? የእኔ ጣት የደነዘዘው ማሰሪያው ላልቶ ስለነበር ነው። ስስብ ይንሸራተትና የመዳፌ ሥር ላይ ይቆማል፤ እንዳያመልጠኝ ጣቶቼን እጨብጣለሁ። ከ20 ፍላጻ በኋላ የሚደነዝዘው ያ ጭብጥ ነው። ጠበቅ አድርገሽ እሠሪው፤ ስትስቢ ሸክሙ በአንጓሽ ይሁን፤ ጣቶችሽ ላላ ይበሉ። ዘንጉንም አሳጥሪው፤ ሌባ ጣትሽ ቃታውን በጫፏ እየተንጠራራች ሳይሆን በመጀመሪያው መጋጠሚያዋ አቅፋ እንድትይዘው። ብዙዎቹ ላይ ዘንጉ በብሎን ወይም በቀዳዳ ይስተካከላል፤ ሲሸጥ ግን ረጅሙ ላይ እንደሆነ ነው የሚመጣው፤ የገዛውም እንደዚያው ይጠቀምበታል። ቬልክሮ ከሆነ በዘለበት የሚታሰረውን ፈልጊ፤ ዘለበት በየቀኑ ያችኑ ቀዳዳ ይይዛል፤ ቬልክሮ አንድ ቀን ይጠብቃል፣ አንድ ቀን ይላላል። አደን የምትወጂ ከሆነ ደግሞ የቬልክሮው ድምፅ አለ። እዚህ ኮሎራዶ የቀስት አደን ወቅት በዋናነት በመስከረም (ሴፕቴምበር) ነው፤ በጸጥታው ውስጥ ያን ማሰሪያ ብታላቅቂው ጫካው ሁሉ ይሰማሻል። ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ ቀስት ሳትይዢም ጣትሽ የሚደነዝዝ ከሆነ ጉዳዩ የመልቀቂያ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

ከፋብሪካ ስም ጋር ባለማጠፊያ መልቀቂያ የመከረሽ ወንድም አልተሳሳተም፤ ግን ቸኩሏል። ያ ቃታ የለውም፤ የሚለቀው እጅሽ ሲዞር ነው። ለዒላማ ድንጋጤ መድኃኒት ነው ይባላል፤ እኔንም ረድቶኛል። ነገር ግን እየሳብሽ ሳለ እጅሽ ከዞረም ይለቃል፤ ያችን አምፖል አስታውሺ። ከፈለግሽው መጀመሪያ በገመድ ቀለበት ተለማመጂ፤ በመሳቢያሽ ርዝመት ልክ ገመድ ቋጥረሽ አንዱን ጫፍ በግራ እጅሽ ያዢ፤ በሌላኛው መልቀቂያውን አስገብተሽ በጀርባሽ ጡንቻ እየሳብሽ ልቀቂ። ቴሌቪዥን እያየሁ በቀን ሃምሳ ጊዜ አደርገው ነበር። «ቷ፣ ቷ» የሚለው ድምፅ ባለቤቴን አስመርሯት ወደ ጋራዥ ተሰድጃለሁ።

አሁን የያዝኩት መካከለኛ መጠን፣ ባለ ሦስት ጣት፣ በአውራ ጣት የሚጫን ነው፤ አሉሚኒየም። ከአንድ የክበባችን አባል በ90 ዶላር አሮጌ ገዛሁት፤ እርሱም ለአንድ ሳምንት በነጻ አስሞክሮኝ ነው። ባለፈው ክረምት በአዳራሹ ውድድር በ30 ፍላጻ ከ300 ነጥብ 294 አገኘሁ። ቁጥሩን ያለ ምክንያት አላመጣሁትም፤ ያ ሻጭ ይህን ገጽ ያነበው እንደሆነ ብዬ ነው። ኮምፓውንድ ቀስት በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ በወንድና ሴት ድብልቅ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ይገባል፤ ያኔ ዋጋው ሳይወደድ ግዢ ይላል ጡረተኛው። ይህን እንኳ ግምት በዪው።

ናሱ አሁንም አለኝ፤ ማንም አልገዛኝም። እጅሽ ከእኔ ከበለጠ በፖስታ ልላክልሽ፤ ሞክሪው፤ ካልሆነሽ መልሺው፤ ሳጥኑ ቢከፈትም እቀበላለሁ። መጀመሪያ ግን ማሰሪያሽን አጥብቀሽ፣ ዘንጉን አሳጥረሽ አንድ ሳምንት ወርውሪና ጣትሽ እንዴት እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ።