ድፍድፉና አተላው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ የቦቴ ሾፌር ነበሩ። «አሰብ ማጣሪያ» ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ምኑ ነበር የሚጣራው? እንደ ወንፊት ያለ ነገር ነው? ለምንስ ተዘጋ?
አንዲት ተማሪ፣ ደሴ ሸዋ በር

መልስ፦ ልጄ፣ አያትሽን ሳላውቃቸው አልቀርም። እኔም ከኮምቦልቻ አሰብ ዓመታት ተመላልሻለሁ።

ወንፊት ያልሽው አሳቀኝ። እኔም ረዳት ሳለሁ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አንድ ማታ ተራ ስንጠብቅ አንዱን የማጣሪያ ሠራተኛ ጠየቅኩት። «እናትህ አረቄ ታወጣለች?» አለኝ። «እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ጎረቤታችን ግን ታወጣለች» አልኩት። «በቃ፣ ያው ነው» አለኝ።

የሚጣራው ከመሬት የወጣ ጥሬ ነዳጅ ነው፤ ስሙም እኮ እንደ አረቄው ድፍድፍ ነው! እስከ 350 ዲግሪ ገደማ ያሞቁትና ረጅም የብረት ማማ ውስጥ ይለቁታል። እንፋሎቱ ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ፣ እያንዳንዱ በየደረጃው ፈሳሽ ይሆናል። ቤንዚን ከላይ፣ ነጭ ጋዝ ዝቅ ብሎ፣ ናፍጣ ከሱ በታች። ሥር የሚቀረው አተላ ፈርናስ የሚባለው ወፍራም ጥቁር ነዳጅ ነው። ማማውን ናፍጣ አብዛልን ቢሉት አይሰማም፤ ድፍድፉ ውስጥ ያለውን ያህል ነው የሚሰጠው። ፈርናሱ ከአገር ተርፎ ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር።

ማጣሪያው የተሠራው ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮ ሄደው ባገኙት ብድር ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን ገደማ ያጣራ ነበር።

በእኛ ሥራ መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነበር የሚከብደው። ባዶ ቦቴ ቁልቁል ይበራል። ሞልተሽ ስትመለሺ ግን በረሃውን በሌሊት ታቋርጫለሽ፤ ቀን ብረቱ አያስነካም። ከዚያ የባቲ ዳገት በአንደኛ ማርሽ። ሰኞ ከደረስሽ ደግሞ አለቀልሽ፤ ገበያተኛው፣ ግመሉ፣ ፍየሉ መንገዱን ይሞላዋል።

የተዘጋበት ምክንያት ብዙዎች እንደሚሉት ጦርነቱ አይደለም። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ ከወጣች በኋላም ድፍድፋችን እዚያው ይጣራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ሁለቱ መንግሥታት ሥራውን አቆሙት። ማጣሪያው አርጅቶ ወጪው ከብዶ፣ የተጣራውን ከውጭ መግዛት ይሻል ነበር። ጦርነቱ የመጣው በዓመቱ ነው፤ እሱ መንገዱን ዘጋው።

ቦቴው አሁንም ባቲን ይወጣል። የሚመጣው ግን ከጅቡቲ ነው፤ ተጣርቶ ያለቀለትን ጭኖ።