ካሽ ከተማ ለማረፍ ለሚሄዱ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በቱርክ ደቡብ ምዕራብ፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ስለምትገኘው ስለ ትንሿ የካሽ ከተማ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል የተወሰኑትን ዛሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሕፃናት ይዘው የሚሄዱ አባት የካሽ ባሕር ዳርቻ አሸዋማ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ አይደለም፤ ጠጠርና ዓለት ነው። አሸዋው በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ፓታራ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ ባለቤታቸው ለአንድ ሳምንት ዕረፍታቸው ካሽን፣ ኬኮቫን፣ ደምሬን፣ ፓሙካሌንና ቀጰዶቅያን የያዘ ዝርዝር ማዘጋጀታቸውን ገልጸው፣ “ይበዛ ይሆን?” ሲሉ በትሕትና ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ይበዛል። ቀጰዶቅያ ከካሽ በመኪና የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው፤ ፓሙካሌም በደርሶ መልስ ሌላ ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ ባለቤትዎ ያዘጋጁት የዕረፍት ሳይሆን የሹፌር መርሐ ግብር ነው። ካሽ የምትጥመው ለሚቆይባት ሰው ነው። ገደላማው ዳርቻ ረጅም አሸዋ ስለሌለው፣ የዳላማንና የአንታሊያ አውሮፕላን ማረፊያዎችም በጠመዝማዛ መንገድ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚርቁ፣ በሌሎች የቱርክ ዳርቻዎች የተደረደሩት ግዙፍ ሆቴሎች እዚህ አልበዙም፤ ከተማዋ የትንንሽ ሆቴሎችና የፔንሲዮኖች (የአነስተኛ እንግዳ ማረፊያዎች) ሆና ቀርታለች። በበጋ ቀኑን የሚያዘው ሙቀቱ ነው፦ ከቁርስ በፊት መዋኘት፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጎ መተኛት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊቱን ወደ ባሕሩ ወዳዞረው የአንቲፌሎስ (የጥንቷ ካሽ) ቴአትር ወጥቶ በድንጋይ መቀመጫው ላይ ማምሸት፣ ከዚያም የዚህ ዳርቻ ጥንታዊ ነዋሪዎች የሆኑት ሉቅያውያን የድንጋይ መቃብር በላይኛው ጫፍ በቆመበት በኡዙን ቻርሺ መንገድ እየተንሸራሸሩ እራት መፈለግ። ይህን ለሦስት ቀን ያህል ያልደጋገመ ሰው ገና ከመንገድ ድካሙ አልተላቀቀም ባይ ነኝ። ከዝርዝሩ ውስጥ ኬኮቫን፣ በዳርቻዋ የሰመጠ ጥንታዊ ከተማ ያለባትን ደሴት፣ ይያዙ፤ የጉብኝት ጀልባው ቀስ እያለ ስለሚውል፣ ምሳም እዚያው ስለሚቀርብ፣ ከእርስዎ የሚጠበቀው መቀመጥ ብቻ ነው፤ በሰመጠው ከተማ ፍርስራሽ ላይ መዋኘት ግን ክልክል ነው። ደምሬም ግማሽ ቀን ይበቃታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከብ የቀየረባት፣ በኋላም ቅዱስ ኒቆላስ ጳጳስ የሆነባት ሙራ እርሷ ናትና፣ ባለቤትዎ ስለ ቀጰዶቅያ ካኮረፉ በዚህች ይካሷቸው።

ጥያቄ፦ አስም ያለባቸው አንባቢ፣ ሕመማቸው “ቀላል” ስለሆነ ከባሕር ጠላቂዎች ጋር ቢገቡ፣ በጤና መጠይቁም ላይ አስሙን ባይጠቅሱት ምን እንዳለበት ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ብዙ አለበት። ጠላቂ ወደ ላይ ሲመለስ በሳንባው ያለው አየር ይሰፋል፤ የአየር ቧንቧው በአስም ከጠበበ ግን አየሩ መውጫ አጥቶ ሳንባን ሊቀድ፣ ሕይወትንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሳንባ ሐኪም፣ የሚቻል ከሆነም ስለ ጠለቃ የሚያውቅ ሐኪም፣ መርምሮ በጽሑፍ ካልፈቀደልዎ በስተቀር አይግቡ፤ መጠይቁንም በእውነት ይሙሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስጎብኚዎም አይደለም። ከተፈቀደልዎም፣ ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈሩ።

ጥያቄ፦ ዕረፍታቸው ፍልሰታ ላይ የወደቀባቸው እናት ምን እንደሚበሉ ተጨንቀዋል።

መልስ፦ ከሚፈሩት በላይ ይቀላል። በወይራ ዘይት በስለው፣ ቀዝቅዘው የሚቀርቡ ብዙ የአትክልት ምግቦች አሉ፦ ፎሶሊያ፣ በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል፣ በሽንኩርትና በቲማቲም የተሞላ ደበርጃን። የምስር ሾርባ ቅቤ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ፤ ፒያዝ የሚባለውን የነጭ ቦሎቄ ሰላጣም ያለ እንቁላል ይዘዙ። ስለ ዓሣ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ እኔን በዚያ ክርክር ውስጥ አያስገቡኝ።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው በጀርመን የሚኖሩ አንባቢ፣ ከካሽ ፊት ለፊት በምትታየው ደሴት ምሳ በልተው መመለስ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ደሴቲቱ ሜይስ፣ ግሪኮች ካስቴሎሪዞ የሚሏት፣ የግሪክ ግዛት ናት። በጀልባ ግማሽ ሰዓት እንኳ ባይሞላም፣ የሚሻገሩት የአገር ድንበር ነው። የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድዎ ከፓስፖርትዎ ጋር ግሪክ ያስገባዎታል፤ ችግሩ መመለሱ ላይ ነው፤ የቱርክ ቪዛዎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ካሽ ሲገቡ አልቋልና። ከመነሣትዎ በፊት ቆንስላውን ይጠይቁ፤ የጀልባ ትኬት ሻጩን ግን አይጠይቁ።