መልስ፦ ጁፒተር ኖትቡክ (የፓይተን ኮድ መጻፊያው) ላይ የግሪክ ፊደሏ ቴታ ተቆርጣ ስትወጣ

ለግራፍህ ጽሑፍ ኮዱ ላይ «$\lambda$» እና «$\theta$» ብለህ ጽፈህ፣ ግራፉ ላይ ላምዳ በትክክል እየወጣልህ ቴታ ግን «ሄታ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚመጣብህ ከሆነ ፎንት ማውረዱን ተወው ባክህ፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ፓይተን ባክስላሽና (\) ቲን (t) አንድ ላይ ሲያይ ታብ (ሰፊ ክፍተት) ነው ብሎ ይበላቸዋል፣ ቢ ስትመጣ ደግሞ ባክስፔስ ያደርጋታል ስለዚህ ቤታም ትበላሻለች፣ ኤል ግን ለሱ ልዩ ትርጉም ስለሌላት ያልፋታል፣ ላምዳ የተረፈችው ለዛ ነው። ከመክፈቻው ጥቅስ በፊት ትንሿን አር (r) ለጥፍ፣ ባክስላሹን እንዳለ ተወው ማለት ናት፣ ክፍተት እንዳትተው፣ የዶላር ምልክቶቹ ባሉበት ይቆዩ። ላምዳም ላይ አድርጋት፣ ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ያለሷ ዋርኒንግ ያመጣል። የግሪክ ፊደሉን (θ) ራሱን ቀጥታ ፔስት አድርገህ ባዶ ሳጥን ከሆነብህ ግን ያኔ የፎንት ጉዳይ ነው፣ ወደ ማትፕሎትሊብ (ግራፉን የሚስለው ላይብረሪ) ዲፎልት ፎንት ደጃቩ ሳንስ መልሰው፣ እሱ ግሪክ አለው።